ከትምህርት ሰዓት በኋላ የትኛውን ክፍል ትውሰድ? ስለ ክላሲካል ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍሎች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ስምንት ዓመቷን የያዘች ልጃችን በአንድ ክላሲካል ክርስቲያን ትምህርት ቤት (ላቲንንና የጥንቱን የትምህርት ሥርዓት መሠረት አድርጎ በሚያስተምር) ሦስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ ከመደበኛው ሰዓት በኋላ የሚሰጠውን የኢንሪችመንት (የማበልጸጊያ ክፍሎች) ዝርዝር ልኮልናል። ተጨማሪ ላቲን፣ ግሪክ፣ ሎጂክ፣ ቫዮሊን፣ ሪኮርደር (ዋሽንት መሰል የትንፋሽ መሣሪያ) ከነመዝሙሩ፣ ሥዕል፣ ቼዝ፣ ድራማ አለበት። ከእኩዮቿ ቀድማ እንድትገኝ ላቲን፣ ግሪክ፣ ሎጂክና ቫዮሊን ልናስመዘግባት አስበናል፤ በሳምንት አራት ቀን ማለት ነው። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አማርኛ ትማራለች፤ ጊዜ ካጠራት እሱን ለአንድ ዓመት እናቁመው የሚል ሐሳብም አለን። ሰሞኑን እሑድ ማታ ማልቀስ ጀምራለች። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፣ ትምህርት ቤቱ የፕሮቴስታንት ነው። ምን ይመክሩናል?»

ላቲኑን፣ ግሪኩንና ሎጂኩን ዘንድሮ ተዉአቸው። ቫዮሊኑ ከዚህ በታች የምገልጻቸውን ሁኔታዎች ካላሟላችሁ ይቆይ። ሪኮርደርና መዝሙር አንድ ቀን፣ ሥዕል አንድ ቀን ትውሰድ። የቅዳሜውን አማርኛ ግን እንዳትነኩት፤ ምክንያቱን ስነግራችሁ ለላቲኗም ስትሉ እንደማትነኩት ተስፋ አደርጋለሁ።

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት «ቀድማ እንድትገኝ» የሚለው አሳብ ነው። ኢንሪችመንት የሚባለው ክፍል ልጅን በመደበኛው ትምህርት ወደፊት ለመግፋት አልተዘጋጀም። የጎደለውን ለመሙላትም አይደለም፤ ያ ቱቶሪንግ (ማስጠናት) ነው፣ መምህሩም ዓላማውም ሌላ ነው። የክላሲካል ትምህርት ቤት ጠዋት በአብዛኛው የአንደበትና የቃል ጥናት ነው። ልጆቹ የላቲን እርባታ (የግስና የስም መለዋወጥ ዝርዝር) ያዜማሉ፣ የታሪክ ዘመናትን በቅደም ተከተል ይይዛሉ፣ ግጥምና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃላቸው ይላሉ፣ የማባዛት ሠንጠረዥ ይደግማሉ። ከሰዓት በኋላ ያለው ሰዓት የተመደበው ጠዋት ብዙ ላልሠሩት ለጆሮ፣ ለእጅና ለዓይን ነው። እናንተ ከመረጣችኋቸው አራት ክፍሎች ሦስቱ ግን ያንኑ የጠዋቱን ሥራ የሚደግሙ ናቸው። ልጅቷ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ምግብ እንደ መብላት ነው የሚሆንባት።

ሎጂክን በስምንት ዓመት ማስጀመር ከትምህርት ቤቱ ከራሱ ሥርዓት ጋር ይጋጫል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ሰዋስው፣ ሎጂክና ሪቶሪክ የሚሏቸውን ሦስት ጥበባት ከልጅ ዕድሜ ጋር ያያይዛሉ። እስከ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል የመያዝ ዘመን ነው፣ ከዚያ እስከ ስምንተኛ የመጠየቅና የመከራከር፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አሳምሮ የመናገርና የመጻፍ። ብዙ ወላጅ ይህ የዕድሜ አከፋፈል ከመካከለኛው ዘመን በቀጥታ የወረደ ይመስለዋል፤ አይደለም። ጥበባቱ ጥንታዊ ናቸው፣ ከዕድሜ ጋር ያያያዘቻቸው ግን እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ እ.ኤ.አ. በ1947 ኦክስፎርድ ላይ ባቀረበችው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ድንበሩ የድንጋይ አጥር አይደለም፣ አንዳንድ ልጅ ቀድሞ አንዳንዱ ዘግይቶ ይሻገረዋል። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው። እኛ ዘንድም ልጅ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ዳዊት ይሄዳል፤ ዳዊት ሳይደግም ቅኔ ቤት አይላክም። ሰምና ወርቅ ለመፍታት መጀመሪያ የሚፈታ ቃል በሆድ ውስጥ መኖር አለበት። ሎጂክም እንዲሁ ነው። በስምንት ዓመቷ የምትማረው «ሁሉም ሰው ሟች ነው፤ ሶቅራጥስ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሶቅራጥስ ሟች ነው» የሚለውን በቃሏ መድገም ይሆናል፤ መልሱን ታውቀዋለች፣ ለምን እንደተከተለ ግን አታየውም። የሚቀርባት ጥቅም ስለሌለ ሦስት ዓመት ብትጠብቅ ምንም አትከስርም።

ተጨማሪ ላቲን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነውና። ላቲን ሁለት አነባበብ አለው። የጥንቱን የሮማውያን አነጋገር የሚከተለው «ዌኒ» ሲል፣ የቤተ ክርስቲያኑ «ቬኒ» ይላል። አንዱ «ኪኬሮ» ያለውን ሌላው «ቺቼሮ» ይለዋል፤ ሰማይ በአንዱ «ካይሉም»፣ በሌላው «ቼሉም» ነው። ክላሲካል ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። የከሰዓቱን ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ሌላ መምህር ይይዘዋል፣ አነባበቡም ሊለይ ይችላል። በዜማ የያዘችው እርባታ በሁለት ድምፅ ሲመጣባት ልጅቷ ሁለቱንም ትጠራጠራለች፤ ጠዋት ስትጠየቅ ዝም ትላለች፣ ወላጅ ደግሞ «ላቲን ከበዳት» ብሎ ሌላ ሰዓት ይጨምራል። ችግሩ የተፈጠረው በጨመረው ሰዓት መሆኑን ማንም አያስተውልም። ቤት ውስጥ በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ ጠዋት መምህሯ በሰጠቻት ዜማ ብቻ፣ መኪና ውስጥም ቢሆን ብትደግም ከሳምንት አንድ ሰዓት ይበልጣል። እናንተ ላቲን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ወረቀቱን ይዛችሁ ቃሉ በቦታው መኖሩን ማየት ይበቃል።

አሁን ወደ ቅዳሜው እንምጣ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ልጅ ላቲን ሲጀምር የሚሰናከልበት ትልቁ ድንጋይ የስም መጨረሻ መለዋወጥ ነው። በእንግሊዝኛ ማን ማንን እንዳየ የሚታወቀው በቃላቱ ቦታ ነው፤ ቦታ ከቀየራችሁ ትርጉሙ ይገለበጣል። በላቲን ግን «ፑኤላ ካኔም ቪዴት» ብትሉም «ካኔም ፑኤላ ቪዴት» ብትሉም ልጅቷ ውሻውን እንዳየችው ነው፤ «ካኒስ» የነበረው ውሻ ተሳቢ ሲሆን «ካኔም» ሆኗልና። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ልጅ ይህን ለመቀበል ወራት ይፈጅበታል። የእናንተ ልጅ ግን ከጡት ጋር ጠብታዋለች። «ልጅቷ ውሻውን ታያለች»፣ «ውሻውን ልጅቷ ታያለች»፤ «ን» ባለችበት ተሳቢው እዚያ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱም አይገርማትም። «አሞ፣ አማስ፣ አማት» ሲሏት ማን እንደሚወድ በግሱ ውስጥ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ እወዳለሁ፣ ትወዳለህ፣ ይወዳል ብላ አድጋለች። ይህን የሚያሳያት ሰው ካገኘች አማርኛዋ ከየትኛውም ተጨማሪ ክፍል የበለጠ የላቲን መምህር ይሆንላታል። አማርኛዋ ከደከመ ግን ድልድዩ ይፈርሳል። በዚህ ዕድሜ፣ ሙሉ ቀን በእንግሊዝኛ የምትውል ልጅ የቅዳሜው ትምህርት ለዓመት ሲቋረጥባት መጀመሪያ የሚጠፋው ማንበቡ ነው፤ ቀጥሎ በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ መመለስ ይመጣል። ከዚያ በኋላ መመለስ ይቻላል፣ ግን በዘጠኝና በአሥር ዓመት ከታናናሾች ጋር ተቀምጦ ፊደል መቁጠር የሚያሳፍራት ሥራ ይሆንባታል።

ግሪክም በዚሁ ምክንያት ይቆይ። ሃያ አራት ፊደል ብቻ ነው፣ በሁለት ሳምንት ይያዛል፤ እሱ አይደለም ክብደቱ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ የአማርኛ ፊደልና የላቲን እርባታ አንድ ላይ በሚሰፍሩበት ዓመት አራተኛ ነገር መጨመር ሁሉንም ያሳሳል። ከስድስተኛ ወይም ከሰባተኛ ክፍል በኋላ ብትጀምር ላቲኑ መንገድ ይጠርግላታል። እስከዚያው የፊደሉን መልክ ማየት ከወደደች የግእዝ ቁጥሮቻችን ፩፣ ፪፣ ፫ ከግሪክ ፊደላት የመጡ መሆናቸውን አሳዩአት፤ ለአንድ ከሰዓት የሚበቃ ደስታ አለበት።

ሙዚቃን በተመለከተ፣ ወላጆች ለ«ጨዋታ» ይመድቡታል፣ ገንዘብ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ይህ ክላሲካል ትምህርትን ገልብጦ ማየት ነው። የጥንቱ ትምህርት ከሚቆጥራቸው ሰባት ጥበባት ሦስቱ የቃል፣ አራቱ የቁጥር ናቸው፤ ሙዚቃ ከሒሳብ፣ ከጂኦሜትሪና ከሥነ ፈለክ ጋር አብሮ የተቆጠረው ከአራቱ መካከል ነው። ላቲንን የሚያከብር ትምህርት ቤት መዝሙርን እንደ ማሳለፊያ ከያዘው ራሱን ይቃረናል።

ለስምንት ዓመት ልጅ ሪኮርደር ጥሩ በር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ከቦርሳ ይገባል፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ዜማ ይወጣዋል። የምትገዙት የፕላስቲክ ሶፕራኖ (ለጀማሪ ልጅ የሚሆነው ትንሹ ዓይነት)፣ በሦስት ቁራጭ የሚገጣጠም፣ የባሮክ አጣጣም (የጣት አያያዝ ሥርዓት) ያለው ይሁን። ይህቺ ዝርዝር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በየዓመቱ ልጆች ይሰቃዩባታል። የጀርመን አጣጣም የሚባለው «ፋ»ን ያቀልላል፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ከፊል ድምፆቹ ላይ ዜማው ይሰበራል፤ ክፍሉም በአንድ ድምፅ መጫወት ያቅተዋል። ከፊት ካሉት ቀዳዳዎች ከላይ አራተኛውና አምስተኛውን አስተያዩ። አምስተኛው ከአራተኛው ከሰፋ ባሮክ ነው፣ ከጠበበ ጀርመን ነው። የታችኛው ቁራጭ የሚዞር ስለሆነ የትንሿ ጣት ቀዳዳ ጣቷ በሚደርስበት በኩል ይስተካከላል። ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ ከታች፤ ልጆች ገልብጠው ይይዙታል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ካልታረመ ኋላ ማረም ያስለቅሳል። የሚጮኸው ድምፅ ሁለት ምንጭ አለው። አንድም ጣት ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም፣ አንድም በኃይል ተነፍቷል። ሻይ ለማቀዝቀዝ እንደምንነፋው ያህል በቂ ነው። በቀን አሥር ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ትለማመድ፤ ቅዳሜ ላይ የተጠራቀመ አንድ ሰዓት ይህን አይተካም። መምህሩ ዜማውን መጀመሪያ በአፍ አስይዞ ኖታውን ኋላ ካመጣ አትጨነቁ፤ በዜማ ቤትም የሚቀድመው ጆሮ ነው፣ ምልክቱ ይከተላል።

ቫዮሊን የሚያምር ምርጫ ነው፣ ግን ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ መጠኑ በዕድሜ ሳይሆን በክንድ ይለካል። ግራ እጇን ዘርግታ ከአንገቷ እስከ መዳፏ መሐል 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ግማሽ፣ 47 ገደማ ከሆነ ሩብ የሚባለው ይስማማታል። «ታድግበት» ተብሎ ትልቅ ከተገዛ ትከሻዋ ይነሣል፣ አንገቷ ይጣመማል፣ ጣቶቿ በተሳሳተ ርቀት ይለምዳሉ። ስለዚህ አትግዙ፣ ተከራዩ፤ ክንዷ ሲረዝም ይቀየርላችኋል። ሁለተኛ፣ በክፍሉ ስንት ልጅ እንዳለ ጠይቁ። እያንዳንዱ ቫዮሊን አራት አውታር አለው። አሥር ልጆች ካሉ መምህሩ አርባ አውታር እስኪቃኝ ከ45 ደቂቃው ሩቡ ያልቃል። ከስድስት በላይ የሆነ የጀማሪዎች ክፍል አልመክርም። ሦስተኛ፣ ከእናንተ አንዳችሁ በየቀኑ 15 ደቂቃ አጠገቧ መቀመጥ ይኖርባችኋል፤ በዚህ ዕድሜ ቫዮሊን ብቻውን የሚለማመድ ልጅ ስሕተቱን ነው የሚለማመደው። ሦስቱን ማሟላት ከቻላችሁ በሪኮርደሩ ፋንታ ቫዮሊኑን ውሰዱ። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አይሆንም።

ሥዕሉን የመረጥኩት እጇ እንዲረጋ፣ ዓይኗ ማየት እንዲማር ነው። ጥሩ የሥዕል ክፍል ቀለም አፍስሶ ወደ ቤት የሚላክ ጌጥ ማምረቻ አይደለም። ልጆቹ ከፊታቸው የተቀመጠ ነገር፣ ቅጠል፣ ጽዋ፣ ቀንድ አውጣ፣ ሃያ ደቂቃ አይተው ይሥላሉ፤ ወይም የአንድ ሠዓሊን ጥቂት ሥዕሎች ለአንድ መንፈቅ ያጠናሉ። የሥዕል ጥናቱ አሠራር ቀላል ነው። ልጁ ሥዕሉን ሦስት አራት ደቂቃ በዝምታ ያያል፣ ሥዕሉ ይገለበጣል፣ ያየውን ይተርካል። ይህን ቤት በአማርኛ ድገሙት። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳዩአት። በጥንቱ የአገራችን አሣሣል ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን የሚሣሉበትን ልማድ ራሷ ፈልጋ እንድታገኘው ተዉአት። እንዲህ ያለ ሥራ ከክፍሉ ጋር ሲገናኝ ማየት ቤትም ይቀጥላል። ቁሳቁሱ ብዙ አይደለም፤ ወፍራም ወረቀት ያለው ደብተር፣ የኤችቢና የሁለት ቢ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ።

ቼዝ መልካም ጨዋታ ነው፤ ሎጂክን ይተካል የሚለው ግን ልክ አይደለም፣ የቼዝ ችሎታ በአብዛኛው ቼዝ ላይ ይቀራል። እሑድ ከሰዓት ከአባቷ ጋር ትጫወተው። ድራማ ልምምዱ ወደ መጨረሻው ስለሚበዛ ለዘንድሮ ይለፋችሁ።

ልቅሶዋን ከዚህ ሁሉ በፊት መመርመር አለባችሁ። ሰዓቱን ቁጠሩት። በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4፡15 ክፍሉ አልቆ፣ በቤልትዌይ (በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው የቀለበት መንገድ) ጭንቅንቅ ቤት የምትደርሰው 5፡00 ነው እንበል። ጠዋት 6፡15 የምትነሣ ከሆነ 8፡30 መተኛት አለባት፤ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። በመካከሉ ያለው 210 ደቂቃ ነው። ራት 45፣ የቤት ሥራ 40፣ መታጠብ፣ ጸሎትና መኝታ 40፣ ቫዮሊን 20፣ ላቲንና ግሪክ ጥናት 20 ሲነሣለት የሚተርፋት 45 ደቂቃ ነው። ያውም በሳምንት አራት ቀን፣ መንገዱ ካልተዘጋ። የእሑድ ማታ እንባ ብዙ ጊዜ የሰኞን ሸክም ማየት ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። የሆነ ልጅ ወይም የሆነ ትምህርት ያስፈራት እንደሆነ «ነገ የትኛው ሰዓት እንዲያልፍ ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። «ለምን ታለቅሻለሽ» ለሚለው የስምንት ዓመት ልጅ መልስ የላትም፣ ሰዓቱን ግን ትነግራችኋለች። መልሷ አንድ ቦታ ላይ ከጠቆመ ከተጨማሪ ክፍሉ በፊት የክፍል መምህሯን አነጋግሩ። ረኀብንም አትርሱ። ምሳዋን 11፡30 በልታ እስከ 5፡00 ከቆየች ምንም ክፍል አይገባትም። ሙዝ፣ ዳቦ ወይም ቆሎ ቦርሳዋ ውስጥ ይኑር፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ኦቾሎኒ ስለሚከለክሉ ግን ቆሎውን ያለ ኦቾሎኒ አድርጉት።

የእምነቱን ጉዳይ በፍርሃትም በቸልታም አትያዙት። ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያምን የጻፈው የእምነት መግለጫ አለ፤ አንብቡት። ሥዕልና ሪኮርደር ውስጥ ልዩነቱ እምብዛም አይገባም። መዝሙር ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ የዓመቱን መዝሙሮች ዝርዝር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አብዛኞቹ አያስቸግሯችሁም፣ የማትስማሙበት አንድ ሁለት ካለ ለመምህሩ በመስከረም ወር መንገር በታኅሣሥ ከመንገር ይቀላል። በአንዳንድ የፕሮቴስታንት ትምህርት ቤቶች በኦክቶበር መጨረሻ የተሐድሶ (የማርቲን ሉተር የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ) መታሰቢያ ዝግጅት አለ፤ ልጃችሁ በዚያ እንድትሳተፍ ትፈልጉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። የምዕራቡ ገና ዝግጅት በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል፣ ልምምዱም አንዳንዴ ቅዳሜን ይወስዳል። ጃንዋሪ 7 ደግሞ ትምህርት ክፍት ሊሆን ስለሚችል የገናን ፈቃድ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰዓት ገብታችሁ ክፍሉን እዩ። መምህሩ ማን እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንዳለ፣ በመንፈቁ መጨረሻ ልጁ ምን መሥራት እንደሚችል፣ ከክፍያው ሌላ የመሣሪያ ኪራይ፣ የዕቃና የዝግጅት ወጪ መኖሩን፣ ዘግይቶ የሚወስድ ወላጅ ምን እንደሚከፍል ጠይቁ። «በመንፈቁ መጨረሻ ምን ትችላለች?» ለሚለው መምህሩ «ትዝናናለች» ብቻ ካለ ያንን ክፍል ተዉት። «ስድስት ዜማ እስትንፋሷን በልኩ እየከፈለች ትጫወታለች» ወይም «አንድ ዕቃ ከነጥላው ትሥላለች» ካለ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለቱ ክፍሎች ተከታታይ ቀን ላይ አይዋሉ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ቢሆኑ መልካም ነው። አንዴ ካስገባችኋት በሦስተኛው ሳምንት ስላማረረች አታውጧት፤ የሪኮርደሩ ጩኸትና የሥዕሉ መጣመም የሚያናድደው ያኔ ነው። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ እሑድ ማታ ማልቀሷ ካልቆመ ግን ከሁለቱ አንዱን አንሡ፤ የትኛው እንደሚነሣ እሷ ትምረጥ። ቫዮሊኑን በሚቀጥለው ጸደይ እንደገና አስቡበት፣ ያን ጊዜ ክንዷን እንደገና ለኩ።